ፎቶን እንደ ቀለም ቅብ ለማስመሰል የትኛው ይሻላል? አፕ፣ ፎቶሾፕ፣ ክሪታ ወይስ ፕሮክሪኤት

አንድ ጊዜ የእናቴን ፎቶ በስልክ አፕ ወደ ሥዕል ቀየርኩት። ስክሪን ላይ ግሩም ነበር። በትልቁ አሳትሜ ግድግዳ ላይ ስሰቅለው ግን ዓይኖቿ ጭቃ መስለው ቁጭ አሉ። የሹራቧ ጥለት ከፊቷ በላይ ደምቋል። እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የአፑ ብቻ አይደለም፤ ለማይሆን ሥራ የመረጥኩት እኔ ነኝ።

በፍጥነት የስልክ አፖችን የሚስተካከል የለም። ፎቶ ታስገባላችሁ፣ ስታይል ትመርጣላችሁ፣ አለቀ። ለፕሮፋይል ከበቂ በላይ ነው። ለማሳተም ካሰባችሁ ግን ከመክፈላችሁ በፊት በስንት ፒክስል እንደሚያስቀምጥላችሁ እዩ። 40 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሥዕል በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ 300 ነጥብ ማለት ነው) ሲታተም 4724 በ5906 ፒክስል ይፈልጋል። ራቅ ብሎ ለሚታይ ሸራ ግማሹ፣ ማለትም 150 ዲፒአይ፣ ያስኬዳል።

ፎቶሾፕ ውስጥ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ኦይል ፔይንት የሚባለው ፊልተር ነው። የብሩሹን መጠንና የቀለሙን አንጸባራቂነት እያንሸራተታችሁ ታስተካክላላችሁ፤ ግራፊክስ ካርዱ ደካማ የሆነ ኮምፒውተር ላይ ግን እሺ ላይል ይችላል። ችግሩ ፊልተሩ ዓይንን ከኮሌታ አይለይም። ሁሉንም እኩል ይቀባዋል። ሰው ሲሥል ደግሞ እንዲህ አያደርግም፤ ፊት ላይ ይጠነቀቃል፣ ልብስ ላይ ቶሎ ቶሎ ያልፋል።

ሁለተኛው መንገድ ሚክሰር ብራሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ሲኤስ5 ከሚባለው የፎቶሾፕ ስሪት ጋር የመጣ ሲሆን ከፎቶው ቀለም እየነካ እርስ በርስ ያዋህዳል። ከፎቶው በላይ ባዶ ሌየር (እንደ ግልጽ ወረቀት የሚደረብ ሽፋን) ክፈቱና ሳምፕል ኦል ሌየርስ የሚለውን ምልክት አድርጉበት። ያኔ ዋናው ፎቶ አይነካም። ጉንጭን ከአጥንቱ ወደ አገጭ፣ አፍንጫን በቁመቱ፣ ፀጉርን በበቀለበት አቅጣጫ ተከተሉ። ዓይን ውስጥ ያለችውን የብርሃን ነጥብ መጨረሻ ላይ በአንድ ንክኪ አስቀምጧት። ቀድማችሁ ከነካችኋት ደብዝዛ ትቀራለች፤ ፊቱም አብሮ ይሞታል። ፎቶሾፕ እንግዲህ በየጊዜው የሚከፈልበት ነው። ለዚህ ሥራ ብቻ ብላችሁ አትግቡበት። ካላችሁ ግን ሌላ መግዛት አያስፈልጋችሁም።

ክሪታ ነፃ የሥዕል ፕሮግራም ነው። ዊንዶውስ ላይም ማክ ላይም ሊኑክስ ላይም ይሠራል። ከለር ስመጅ የሚባሉት ብሩሾቹ ከሚክሰር ብራሽ ብዙም አይተናነሱም፤ ኦቨርሌይ የሚለውን ስታበሩት ከሥር ካለው ሌየር ቀለም ይወስዳሉ። ፎቶ ማስተካከያው ላይ ግን ከፎቶሾፕ ወደኋላ ይላል። ብርሃንና ቀለሙን ሌላ ቦታ አስተካክላችሁ ብታመጡት ይሻላል።

ፕሮክሪኤት የአይፓድ የሥዕል አፕ ስለሆነ አይፓድ ለሌለው አይታሰብም። አይፓድና እስክሪብቶው ላለው ደግሞ አንዴ ተከፍሎ የሚያልቅ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። ሸራው ሲተልቅ የምታገኙት የሌየር ብዛት ስለሚቀንስ ለትልቅ ህትመት ስትሠሩ ይህን አስቡ።

ኮረል ፔይንተር የሚባል የሥዕል ፕሮግራምም አለ። ክሎነር ብሩሾቹ ቀለሙን ከፎቶው እየወሰዱ ይቀባሉ፣ ራሱ እንዲቀባላችሁም ማዘዝ ትችላላችሁ። ግን የምናሌው ብዛት ጀማሪን ያደናግራል። ሥዕልን ሥራዬ ብሎ ለያዘ ሰው እተወዋለሁ።

ከዜሮ የሚጀምር ሰው ቢጠይቀኝ ክሪታን አውርድ፣ ገንዘብህን የእጅ ግፊት የሚለይ እስክሪብቶ ባለው፣ ከኮምፒውተር ጋር በሚገናኝ ትንሽ የሥዕል ታብሌት ላይ አውለው እለዋለሁ። በማውስ ፊት መቀባት ልብ ያደርቃል።

ፎቶውን ደግሞ አስቀድማችሁ እዩት። ፊት ለፊት በፍላሽ የተነሣ ከሆነ ጥላ ስለሌለው ብሩሹ የሚከተለው ነገር ያጣል። የእናቴን ሥዕል እንደገና ስሠራ መስኮት አጠገብ የተነሣችውን መረጥኩ። አሁን ግድግዳው ላይ ያለው እሱ ነው።