ምንም ሳይሸጥልኝ የወደድኩት ፋርማሲ

እናቴን ጉልበቷን ካመማት ሁለት ዓመት አለፈ። ባለፈው ቅዳሜ ሳሪስ፣ ታክሲ መያዣው ጋ ካለችው ጠባብ ፋርማሲ ጎራ አልኩና «ማስታገሻ ስጪኝ፣ ጠንከር ያለ» አልኩ። እንደ ሌላው ቦታ ዲክሎፌናክ ቆርጣ የምትሰጠኝ መስሎኝ ብሬን አውጥቻለሁ።

ፋርማሲስቷ ከመደርደሪያው ምንም አላነሳችም። «ለማን ነው?» አለች። ለእናቴ። «ጨጓራ አላቸው? ግፊትስ?» ሁለቱም አላት። «እንግዲያው ዲክሎም አይቡፕሮፌንም ይቅርባቸው። ጨጓራ ይጎዳሉ፣ ግፊትም ይጨምራሉ።»

«ሌላስ የሚወስዱት አለ?» እህቴ ከአሜሪካ የላከችላት ታይሌኖል አለ፤ እኔ ደግሞ ፓራሲታሞል እገዛላታለሁ። ሳቅ አለች። ለካ ሁለቱ አንድ ናቸው! እነሱ አሲታሚኖፌን ይሉታል፣ እኛ ፓራሲታሞል። እናቴ ጠዋት የአሜሪካውን፣ ማታ የእኛን ስትውጥ አንዱን መድኃኒት ስትደርብ ነው የኖረችው። ለጤነኛ አዋቂ እንኳ በቀን ከ4 ግራም፣ ማለትም ከ8 ባለ 500 ሚሊግራም ኪኒን ካለፈ ጉበት ሊጎዳ ይችላል። ለእሷ ከዚያም ያነሰ ይሻላል ተባልኩ።

ቃሉም እኮ ይናገራል። ማስታገሻ ከ«ታገሠ» የመጣ ነው። ህመሙን «እስቲ ታገሥ» ይለዋል እንጂ አያባርረውም። «የኑሮ ውድነት ማስታገሻ» ሲባል ውድነቱ ይጠፋል ብሎ የሚጠብቅ ማን አለ? እናቴ ግን «መድኃኒቴ» ነው የምትለው። እኔም አብሬ ተታልያለሁ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ጉልበቷን ሐኪም አላየውም።

ቅሬታ አለኝ። ያለው አንድ የፕላስቲክ ወንበር ነው። ልጅቷ ሁሉንም ሰው ስለምትጠይቅ ሰልፉ ደጅ ይወጣል። ከኋላዬ የነበረው ሰውዬ ትራማዶል የሚባለውን ጠንካራ ማስታገሻ ያለ ማዘዣ ጠይቆ «አይሆንም» ሲባል እያጉረመረመ ሄደ። እኔም ብቸኩል ኖሮ ሳላጉረመርም አልቀርም።

አወሳሰዱን ግን በአማርኛ፣ በሚነበብ ጽሑፍ ጻፈችልኝ። ሌላ ቦታ ከረጢቱ ላይ «1×3»፣ ማለትም አንድ አንድ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ብለው ሰጥተውኝ እናቴ «በሦስት ቀን አንድ» ብላ አንብባዋለች።

በመጨረሻ «ቤት ያለውን ይጨርሱ፣ ጉልበታቸውን ግን ያሳዩ» ብላ ብሬን መለሰችልኝ። ማክሰኞ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። እናቴ ታይሌኖሏን በቦርሳዋ ይዛ ነው የሄደችው፤ ምናልባት ሐኪሙ ቢያስጠብቀን ብላ።