የድርሰት ርዕስ፦ ሰፊው ይሻላል ጠባቡ?

ሐዋሳ ውስጥ ከ7ኛ እስከ 12ኛ ክፍል የምታስተምሩ፣ ልጆቹን ምን ብላችሁ ነው የምታጽፏቸው?

አንዱ የለመድነው ሰፊ ርዕስ ነው፤ «ስለ ትምህርት ጥቅም ድርሰት ጻፉ»። ለአስተማሪው ቀላል ነው። ግን ደብተር ስታርሙ ሁሉም «ትምህርት የዕድገት መሠረት ነው» ብሎ ይጀምራል፤ ልጁ የሰማውን እንጂ ያየውን አልጻፈም።

ሌላው ጠበብ ያለ ጥያቄ ነው። «ጠዋት ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ጀልባ ሲገባ፣ መረቡን ከሚያራግፈው ሰው፣ ዓሣ ከሚበልተው ልጅና ዳር ቆሞ ትርፍራፊ ከሚጠብቀው አሞራ አንዱን ሆናችሁ ጻፉ» ብትሏቸው፣ ክፍል ውስጥ ትንፍሽ የማይሉት ልጆች ሳይቀሩ ሽታውንና ጫጫታውን ይዘውላችሁ ይመጣሉ። በጣም ደስ ይላል! ወደ ሐይቁ የማይሄድ ልጅ ካለ፣ ታቦር ተራራ ላይ ሆኖ የሚያየውን ወይም ባጃጅ ውስጥ የሰማውን ጨዋታ ይጻፍ።

እኔ ጠባቡን እመርጣለሁ፣ በተለይ ለ7ኛና ለ8ኛ። 11ኛና 12ኛዎች ግን ማስረጃ ይዘው መከራከርም መልመድ አለባቸው። ለእነሱም ቢሆን «ስለ አካባቢ ጥበቃ ጻፉ» ከማለት «ሐይቁ ዳር ፕላስቲክ ይከልከል ወይስ አይከልከል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።