የብረት የአኳሪየም መቆሚያዬ፦ ከዓመት በላይ አገልግሎት በኋላ

ሳሎናችን ውስጥ ያለው አኳሪየም (ዓሣ የምናኖርበት የመስታወት ገንዳ) ርዝመቱ 120፣ ወርዱ 40፣ ቁመቱ 50 ሳንቲ ሜትር ነው። እስከ አፉ ቢሞላ 240 ሊትር ይይዛል። የተቀመጠው የሰፈራችን በያጅ በትእዛዝ በሠራልኝ የብረት መቆሚያ ላይ ነው። መቆሚያው ዓመት አልፎታል፤ የአዲስ አበባን ክረምትም ሙሉውን አይቷል።

አስተያየቴን ከፊት ልናገር። ክብደት መሸከም ለብረት ቀላሉ ሥራ ነው። መቆሚያ በእውነት የሚፈተነው በውሃ ነው። ጠብታው፣ እርጥበቱ፣ በየቀኑ የሚወለወለው ወለል፣ እነዚህ ናቸው ቀስ እያሉ የሚበሉት።

ክብደቱን ግን ማስላት የግድ ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። አፉ ድረስ ስለማልሞላው ውሃው ብቻ 210 ኪሎ ግድም ይሆናል። የ10 ሚሊ ሜትር መስታወት በካሬ ሜትር 25 ኪሎ ይመዝናል፤ ለዚህ ልክ 52 ኪሎ ያህል ይመጣል። አሸዋና ድንጋይ ሲጨመር 300 ኪሎ አካባቢ ደረስን። ይሄ ተቀምጦ የሚነሳ ክብደት አይደለም። ቀንም ሌሊትም እዚያው ነው። ለዚህ ነው በቺፑድ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ በሚወጣ ጣውላ) የተሠራ የቴሌቪዥን ማስቀመጫ ለዚህ ሥራ የማይሆነው። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ምንም ላይታይበት ይችላል። ወራት ሲያልፉ ግን መሀሉ እየሰመጠ ይሄዳል፤ ውሃ ከነካው ደግሞ ያብጣል።

እንጨትም አስቤ ነበር። ባህር ዛፍ ጠንካራ ነው፣ ግን በደንብ ሳይደርቅ ከተሠራ ይጣመማል። የተጣመመ መቆሚያ ደግሞ መስታወቶቹን ያጣበቀውን ሲልከን ያለ አግባብ ይወጥረዋል። ዋንዛ ቆንጆ ነው፤ ዋጋው ግን ለዓሣ መቆሚያ የሚቀመስ አይደለም። ስለዚህ ወደ ብረት ሄድኩ።

የተጠቀምነው 40 በ40 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት) ነው። ባለ 6 ሜትር ሁለት ቤርጋ (ያልተቆረጠ ሙሉ ዘንግ) በቂ ነው፤ ጥቂትም ይተርፋል። ባዶው ፍሬም ከ25 ኪሎ ስለማይበልጥ ሁለት ሰው ያለ ችግር ደረጃ ያወጣዋል። ከብረቱ ውፍረት ይልቅ እኔ የምጨነቀው ለአበያየዱ ነው። የላይኛው ፍሬም እግሮቹ አናት ላይ መቀመጥ አለበት። አንዳንድ በያጅ እግሩን እስከ ላይ ያስረዝምና አግዳሚውን ከጎኑ ይለጥፈዋል። ያኔ 300 ኪሎውን የሚሸከመው ብየዳው ብቻ ይሆናል። አግዳሚው እግሩ አናት ላይ ሲያርፍ ግን ክብደቱ በብረቱ በኩል ቀጥ ብሎ ወደ ወለል ይወርዳል። የብየዳው ሥራ ማያያዝ ብቻ ነው። በዚህ ነጥብ ከበያጁ ጋር ቆሜ ተነጋገርኩ፤ ደግሜ ባሠራም አልደራደርበትም። ከኋላ ደግሞ አንድ ሰያፍ ብረት አስገብተናል። እሱ ባይኖር ልጆች ሲደገፉት ወደ ጎን ይወዛወዝ ነበር።

ብረቱ አናት ላይ የ18 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ (ከተደራረበ ስስ እንጨት የተጣበቀ ጣውላ) አለ፤ ከዚያ ስስ ስታይሮፎም፣ ከዚያ መስታወቱ። ፎሙ የሚያግዘው ትንንሽ ጉብታና የአሸዋ ፍሬ መስታወቱን ነጥሎ እንዳይጫነው ነው። ያዘመመ ወለል አያስተካክልም። አንድ ጥንቃቄ፦ ከታች የፕላስቲክ ጠርዝ ኖሮት የታችኛው መስታወት ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ አኳሪየም ካላችሁ ፎም አታድርጉ፤ የታችኛውን መስታወት ወደ ላይ ይገፋዋል።

የእኛ ኮንዶሚኒየም ወለል ወደ በረንዳው በኩል በጥቂቱ ያዘነብላል። ከእግሮቹ በታች ስስ ላሜራ እየደራረብን በውሃ ልክ አስተካከልነው። የእንጨት ሽብልቅ አልመክርም፤ በክብደት ይጨፈለቃል። ውሃ ከሞላ በኋላ ደግሞ ከውሃው የተሻለ ውሃ ልክ የለም። በአራቱም ጥግ የውሃውን ከፍታ በማርከር ምልክት አደረግኩ። እስከ ዛሬ ውሃ በሞላሁ ቁጥር አራቱም ምልክት ላይ እኩል ይደርሳል። መቆሚያው አልሰመጠም፣ አልተጣመመም። በዚህ በኩል ሙሉ ማርክ እሰጠዋለሁ። ያስቀመጥነው ከግድግዳ አጠገብ፣ ከሥሩ የኮንክሪት ቢም ባለበት በኩል ነው። ፎቅ ላይ የምትኖሩ ሰዎች ይህን ብታስቡበት ጥሩ ነው፤ ትልቅ አኳሪየም ከሆነ ደግሞ ኢንጂነር ሳትጠይቁ ክፍሉ መሀል አታቁሙት።

አሁን ወደ ዝገቱ። ቀለም ከመቀባቱ በፊት ብየዳው በግራይንደር ተስተካክሎ፣ ብረቱ በብርጭቆ ወረቀት ጸድቶ ሁለት ዙር አንቲረስት ጠጥቷል። ከላዩ ጥቁር የዘይት ቀለም አለው። ከላይ ያለው ክፍል እስካሁን ንጹህ ነው። ዝገት የጀመረው እግሮቹ ግርጌ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ቤታችን በየቀኑ ይወለወላል፤ በረኪናም አለው። በረኪና ደግሞ ለብረት ጠላት ነው። ቀለሙ ትንሽ ከተላጠ እርጥበቱ ከሥሩ ይገባና ቡናማ ይሆናል። ፍቄ መልሼ ቀባሁት፤ አሁን በዚያ አካባቢ በንጹህ ውሃ ብቻ ነው የምንወለውለው። የእግሮቹ ጫፍ በላሜራ መደፈኑ በጣም ጠቅሟል። ክፍት ቱቦላሬ ቢሆን ኖሮ ውሃው ውስጥ ገብቶ ዓይናችን ሳያየው ይበላው ነበር።

ኮምፔርሳቶው በጠርዙ ጭምር ሦስት ዙር ቫርኒሽ ተቀብቷል። የፊልተሩ ቱቦ በሚወርድበት ጥግ ብቻ ቫርኒሹ ተነስቶ ሽፋኑ መላቀቅ ጀምሯል። ውሃ ስቀይር ጠብታው የሚያርፈው እዚያ ነው። ለክብደቱ የሚያሰጋ አይደለም፣ ግን መታደስ አለበት።

ያላስደሰተኝ ክፍል ማልበሻው ነው። ብረቱን ለመሸፈን ከቺፑድ የተሠሩት ጎኖችና ሁለቱ በሮች ከታች አብጠዋል። አንደኛው በር በደንብ አይዘጋም። ምንም ክብደት ስለማይሸከሙ አደጋ የለውም፤ ግን ያስጠላል፣ ገንዘቡም ያሳዝናል። በአሉሚኒየም ወይም በፕላስቲክ ሉህ ልቀይራቸው ነው። ሌላው ቅር ያሰኘኝ ድምፅ ነው። የአየር ፓምፑን ብረቱ ላይ ካስቀመጡት ባዶው ቱቦላሬ ያስተጋባል፤ ሌሊት ላይ በጣም ይሰማል። ከሥሩ ወፍራም የጎማ ቁራጭ ሳደርግበት ቀነሰ። የኤሌክትሪክ ማከፋፈያውን ደግሞ ወለል ላይ አላስቀምጥም። ከውስጥ በኩል ከፍ አድርጌ ሰቅዬዋለሁ፤ ገመዶቹም ወደ ሶኬቱ ከመድረሳቸው በፊት ወደ ታች ዘንበል ብለው ተመልሰው ይወጣሉ። ጠብታ ገመዱን ተከትሎ ቢወርድ ታች ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም። ብረትና ውሃ አንድ ላይ ባሉበት ቤት ይህ ሊታለፍ አይገባም፤ የቤቱ ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርደው የኤሌክትሪክ መስመር) መሥራቱንም ኤሌክትሪሺያን ቢያየው ደስ ይለኛል።

አኳሪየማችሁ 50 እና 60 ሊትር ከሆነ ይህን ሁሉ ብረት አትፈልጉም። በደንብ የደረቀ እንጨት፣ እግሮቹ ቀጥ ብለው ከአናቱ ሥር የሚደግፉት ጠንካራ ጠረጴዛ ይበቃችኋል። ቫርኒሹን ግን ለጠርዙና ለሥሩ አትሰስቱ።