ዊንዶውስ 11 ወይስ ማክ? መስኮትና ዊጀት ላይ ብቻ ያተኮረ ንጽጽር

ላፕቶፕ ሊገዛ የተነሣ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ራም፣ ስለ ፕሮሰሰርና ስለ ዋጋ ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። ማሽኑ ቤት ከገባ በኋላ ግን በየደቂቃው እጃችን የሚደርስበት ሌላ ነገር ነው፤ መስኮት መክፈት፣ መዝጋት፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ማሰለፍ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው መሄድ። ከዊንዶውስ ወደ ማክ የተሻገረ ሰው መጀመሪያ የሚቸገረውም በማሽኑ ፍጥነት ሳይሆን በዚህ ነው። ስለዚህ የማወዳድረው በዋናነት ይህንኑና ዊጀትን ነው፤ ዊጀት ማለት ፕሮግራም ሳንከፍት ሰዓት፣ የአየር ሁኔታና የመሳሰለውን የሚያሳየን ትንሽ ሳጥን ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መዝጋትና ማስፋት

በዊንዶውስ ቀኝ ጥግ ላይ ያለችውን ኤክስ ስትጫኑ አብዛኛውን ጊዜ ፕሮግራሙም አብሮ ይዘጋል። በማክ ቀይዋ ቁልፍ ግራ ጥግ ላይ ናት፤ ስትጫኗት ብዙ ጊዜ የሚዘጋው መስኮቱ ብቻ ነው፣ ፕሮግራሙ ከበስተኋላ ክፍት ሆኖ ይቆያል። ታች የፕሮግራም ምልክቶች በሚደረደሩበት ዶክ ላይ ከምልክቱ ሥር ትንሽ ነጥብ ካለች አልተዘጋም። ጨርሶ ለመዝጋት ኮማንድን ይዞ ኪውን መጫን ያስፈልጋል። ኤም1 ወይም ኤም2 የሚባለው የአፕል ፕሮሰሰር ያለው ያገለገለ ማክቡክ ኤር የምትገዙ ከሆነ ይህችን ልማድ ከመጀመሪያው ቀን ያዟት። አፕል የኤርን መነሻ ራም ወደ 16 ጊጋ ያሳደገው በኦክቶበር 2024 ነው፤ ከዚያ በፊት መነሻው 8 ነበር፤ 8 ጊጋ ላይ ደግሞ ሳይታወቃችሁ ክፍት የቀሩ ፕሮግራሞች ሲደራረቡ ማሽኑ ይከብደዋል።

አረንጓዴዋ ቁልፍም ታደናግራለች። የዊንዶውስ ሰው መስኮቱን ለማስፋት ይጫናታል፤ ማክ ግን መስኮቱን ብቻውን ወዳለ ሌላ ገጽ ይወስደዋል፤ ዶኩም የላይኛው ሜኑም ይሰወራሉ፣ ሌሎቹ መስኮቶች የጠፉ ይመስላሉ። አልጠፉም። በሦስት ጣት ትራክፓዱን ወደ ጎን መጥረግ ይመልሳችኋል። ኦፕሽን የሚለውን ቁልፍ ይዛችሁ አረንጓዴዋን ብትጫኑ ደግሞ መስኮቱ እዚያው ባለበት ይሰፋል።

ከመስኮት ወደ መስኮት

እዚህ ላይ ያለ ማመንታት ዊንዶውስን እመርጣለሁ። አልትና ታብ ስትጫኑ የተከፈተው መስኮት ሁሉ በየተራ ይታያል፤ ሦስት የዎርድ ፋይል ከፍታችሁ ከሆነ ሦስቱም ተሰልፈው ይመጣሉ። በማክ ኮማንድና ታብ የሚያሳየው ፕሮግራሞችን ነው፤ ሦስቱ ፋይሎች በአንድ የዎርድ ምልክት ሥር ይጠቃለላሉ። ከአንዱ ፋይል ወደ ሌላው ለመሄድ ኮማንድን ይዞ ከታብ በላይ ያለውን ቁልፍ መጫን ያሻል። ሚኒማይዝ ያደረጋችሁት መስኮት ደግሞ በኮማንድና ታብ አይመለስም፤ ዶኩ ላይ ሄዳችሁ ራሳችሁ ማንሳት አለባችሁ። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠራ ተማሪ፣ ሁለት የኤክሴል ፋይል የሚያመሳክር ሒሳብ ሠራተኛ ይህን ልዩነት በየቀኑ ይኖረዋል። ማክ የሚክሰው ሁሉንም መስኮት አሳንሶ በአንድ ጊዜ በሚያሳየው ሚሽን ኮንትሮል ነው፤ በሦስት ጣት ወደ ላይ መጥረግ ይበቃል። በዓይኑ ፈልጎ መምረጥ የሚወድ ሰው ይህን ያስበልጥ ይሆናል።

መስኮቶችን ጎን ለጎን በማሰለፍም ዊንዶውስ ረጅም ልምድ አለው። መስኮት ይዞ ወደ ስክሪኑ ጠርዝ በመግፋት ግማሹን ማስያዝ የተጀመረው በ2009፣ በዊንዶውስ 7 ነው። በ2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 ደግሞ የዊንዶውስ ቁልፍንና ዜድን ስትጫኑ የአሰላለፍ አማራጮችን ይደረድርላችኋል፤ ለሁለት፣ ለሦስት ወይም ለአራት። ማክ መስኮትን ወደ ጠርዝ በመግፋት ማሰለፍን በራሱ የተቀበለው በሴፕቴምበር 2024፣ ሴኮያ በሚባለው ስሪት ነው። ከዚያ በፊት የነበረ ሰው ሬክታንግል የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ይጭን ነበር፤ ዛሬም ሴኮያ ለማይጭን ማክ መፍትሔው እሱ ነው።

ያገለገለ ማክ የሚገዛ ሰው እንግዲህ የሞዴሉን ዓመት መጠየቅ አለበት። ሴኮያን የሚቀበለው የ2020 እና ከዚያ ወዲህ ያለ ማክቡክ ኤር፣ ወይም የ2018 እና ከዚያ ወዲህ ያለ ማክቡክ ፕሮ ነው። ሻጩ "እንደ አዲስ ነው" የሚላችሁ የ2017 ኤር ሞንተሬይ በሚባለው ስሪት ላይ ይቆማል፤ ይህን አሰላለፍም፣ ቀጥዬ የምነግራችሁን የዴስክቶፕ ዊጀትም አያገኝም። ቀፎው የቱንም ያህል ቢያብረቀርቅ ይህ አይለወጥም።

ተጨማሪ ስክሪን ለመሰካት ካሰባችሁ ደግሞ ኤም1 እና ኤም2 ኤር በራሳቸው የሚይዙት አንድ ብቻ ነው። ኤም3 ክዳኑ ሲዘጋ ሁለት ይይዛል፤ ኤም4 ክዳኑ እንደተከፈተም ሁለት።

ዊጀት

በዊጀት በኩል ሚዛኑ ወደ ማክ ያዘነብላል። በ2023 ከወጣው ሶኖማ ጀምሮ የቀን መቁጠሪያ፣ የአየር ሁኔታ፣ የሚሠሩ ሥራዎች ዝርዝር በቀጥታ ዴስክቶፑ ላይ ይቀመጣሉ። ሥራ ስትጀምሩ ቀለማቸው ደብዘዝ ብሎ ወደ ኋላ ይላሉ። ዝርዝሩ ላይ የጨረሳችሁትን ሥራ ፕሮግራሙን ሳትከፍቱ እዚያው ምልክት ታደርጉበታላችሁ። አይፎን ያለው ሰው የስልኩን ዊጀቶችም ማክ ላይ ማስቀመጥ ይችላል። አዲስ ሰው የሚደናገጥበት አንድ ነገር አለ፤ የዴስክቶፑን ሥዕል ስትነኩ መስኮቶቹ ሁሉ ወደ ጎን ይበተናሉ። ሴቲንግ ውስጥ ዴስክቶፕና ዶክ በሚለው ሥር ይህን ማጥፋት ይቻላል። እኔ መጀመሪያ የማጠፋው እሱን ነው።

የዊንዶውስ 11 ዊጀት ዴስክቶፑ ላይ አይቀመጥም። የዊንዶውስ ቁልፍንና ደብሊውን ስትጫኑ ከጎን የሚወጣ ሰሌዳ ነው፤ ሰሌዳውን በአብዛኛው የሚሞላው ደግሞ ያልጠየቃችሁት ዜና ነው። በሞባይል ዳታ ለሚሠራ ሰው ይህ ያለ ፈቃድ የሚወጣ ገንዘብ ነው። የዜናውን ክፍል ከሰሌዳው ሴቲንግ፣ ምልክቱን ደግሞ ከታስክባር ሴቲንግ አጥፉት፤ የስልካችሁን ሆትስፖትም ዳታው የተገደበ ኔትወርክ አድርጋችሁ መዝግቡት። በዊንዶውስ ቪስታና በ7 ዘመን ዴስክቶፕ ላይ የነበሩትን ትንንሽ ሰዓቶች የሚናፍቅ አለ። ማይክሮሶፍት ራሱ በጁላይ 2012 የደኅንነት ቀዳዳ አለባቸው ብሎ እንዲጠፉ መክሮ፣ ከዊንዶውስ 8 አስወጥቷቸዋል። እነሱን እንመልስላችኋለን የሚሉ ፋይሎችን ከየቦታው አታውርዱ። የግድ ካስፈለጋችሁ ሬይንሜትር የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ።

ሰዓት ካነሣን፣ ለእኛ ሰው የሚጠቅም ዘዴ ልንገራችሁ። ተጨማሪ ሰዓት ጨምሩና ከተማውን ቦነስ አይረስ አድርጉት፣ አቆጣጠሩም ባለ 12 ሰዓት ይሁን። ቦነስ አይረስ ከአዲስ አበባ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነ የሚታየው የሐበሻ ሰዓት ነው፤ ጠዋት በፈረንጅ 7 ሲሆን 1 ይላል፣ ማታም እንዲሁ። በማክ ይህን ዊጀት አድርጋችሁ ዴስክቶፑ ላይ ሁልጊዜ ታዩታላችሁ። በዊንዶውስ ተጨማሪው ሰዓት የሚታየው ማውዙን ታስክባሩ ሰዓት ላይ ስታሳርፉ ነው። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ሆኖ ከቤተሰብ ጋር የስልክ ሰዓት ለሚያመቻች ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አማርኛ ለሚጽፍ ሰው የመስኮት ልማድ ከኪቦርዱ ጋርም ይያያዛል። ዊንዶውስ ለእያንዳንዱ መስኮት የተለየ ኪቦርድ እንዲያስታውስ ማድረግ ይቻላል፤ ዎርዱ በአማርኛ፣ ብራውዘሩ በእንግሊዝኛ ሆነው ይቆያሉ። ማክም ተመሳሳይ ምርጫ አለው፤ ሁለቱም ላይ በሴቲንግ መክፈት ያስፈልጋል። ኪማን የሚባለው ነፃ የጽሕፈት ፕሮግራም ደግሞ በሁለቱም ይሠራል።

አሮጌ ማሽን ላለው

ዊንዶውስ 10 ድጋፉ በኦክቶበር 14፣ 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ኢንቴል ለሆነ ማሽን በጥቅሉ 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ፕሮሰሰር ይፈልጋል። ከዚያ በታች የሆነ ደኅና ላፕቶፕ ካላችሁ በዊንዶውስ ቦታ የሚጫነውን ነፃ ሲስተም፣ ሊኑክስ ሚንትን ሞክሩ። ታስክባሩ ከታች ነው፣ ኤክሷ ቀኝ ጥግ ናት፣ መስኮቱ ወደ ጠርዝ ሲገፋ ግማሹን ይይዛል፣ ዴስክቶፑ ላይም ዊጀት ያስቀምጣል። ከዊንዶውስ ለሚመጣ ሰው ከማክ ይልቅ ይቀልለዋል ብዬ አምናለሁ። ሳትጭኑት ከፍላሽ አስነሥታችሁ ማየት ትችላላችሁ።

አንድ ትንሽ ስክሪን ላይ ብዙ ሰነድ ለሚያመላልስ ሰው ምክሬ ዊንዶውስ 11 ነው። አይፎን የያዘ፣ ቀኑን በቀን መቁጠሪያና በዝርዝር የሚመራ ሰው ደግሞ ሶኖማን ወይም ከዚያ በላይ የሚጭን ማክ ይግዛ። መርካቶም ሆነ መገናኛ ሱቅ ስትገቡ ባለሱቁ ማሽኑን አብርቶ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። ሦስት መስኮት ክፈቱ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አሰልፉ፤ አንዱን ሚኒማይዝ አድርጋችሁ መልሱ፤ በኪቦርድ ከአንዱ ወደ ሌላው ሂዱ። ማክ ከሆነ የአፕል ምልክቷን ተጭናችሁ ስለ ማሽኑ የሚለውን ክፈቱና የሞዴሉን ዓመትና የስሪቱን ስም በዓይናችሁ አንብቡ። ዋጋ የምትከራከሩት ከዚያ በኋላ ነው።