ደሴ ላይ የእንግሊዝ የቤተሰብ ቪዛ ማመልከቻ የሚያዘጋጅ አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ቢሮ

ፒያሳ አካባቢ ወዳለው ወደዚህ ቢሮ የሄድኩት ታናሽ እህቴን አጅቤ ነው፤ ባለቤቷ በርሚንግሃም ከተማ መጋዘን ውስጥ ይሠራል። የትርጉም ሥራቸው የሚያስመሰግን ነው። የጋብቻ ምስክር ወረቀቷን ሲተረጉሙ የአባትና የአያት ስሟን አጻጻፍ ከፓስፖርቷ ጋር ፊደል በፊደል አመሳክረዋል፤ የዘመን አቆጣጠሩንም ልዩነት በግርጌ አስፍረዋል። ይበልጥ የወደድኩላቸው ግን ገንዘብ ከመቀበላቸው በፊት የባልየውን የደመወዝ ማስረጃ መጠየቃቸውን ነው፤ ማመልከቻው የሚያልፈውም የሚወድቀውም በአብዛኛው እዚያ ላይ ነውና።

ቅሬታዬ በምክራቸው ላይ ነው። ጸሐፊዋ ማስረጃውን ካየች በኋላ «እህቴ፣ ባለቤትሽ ሥራ ቢቀይር ይሻለዋል» አለቻት፤ ጥፋቱ የሰውየው ስንፍና መሰለ። ከጀርባዋ ግድግዳው ላይ በተለጠፈው ዝርዝር፣ እንግሊዝ ያለው የትዳር ጓደኛ በዓመት ቢያንስ ሊያገኘው የሚገባው ገቢ በፓውንድ ተጽፏል፤ 18,600 የሚለው ቁጥር በእስክሪብቶ ተሰርዞ 29,000 ተተክቶበታል። ሁለቱንም ቁጥሮች ያወጡት በወግ አጥባቂው ፓርቲ የተመሩ መንግሥታት ናቸው፤ የመጀመሪያው በ2012 እ.ኤ.አ. ቴሬዛ ሜይ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሉ፣ ሁለተኛው በጠቅላይ ሚኒስትር ሪሺ ሱናክ ጊዜ በኤፕሪል 2024 ሥራ ላይ የዋሉ ናቸው። በዚያው ኤፕሪል የአዋቂ ሠራተኛ ዝቅተኛ ክፍያ በሰዓት 11.44 ፓውንድ ስለነበር፣ በሳምንት 40 ሰዓት ዓመቱን ሙሉ የሠራ ሰው ግብር ሳይቀነስበት 23,800 ፓውንድ ገደማ ያገኝ ነበር፤ በሕግ በተወሰነው ደመወዝ የሚተዳደር ሰው በሌላው ሕግ ሚስቱን ማምጣት አይችልም ማለት ነው። እህቴ እዚህ የምታገኘው ደመወዝ አይታሰብላትም። በቁጠባ ብቻ ማሟላት የሚፈልግ 88,500 ፓውንድ ማሳየት አለበት።

የደንቡ ደጋፊዎች የውጭ አገር ሚስት ወይም ባል በግብር ከፋዩ ላይ ሸክም እንዳይሆኑ ነው ይላሉ። በዚህ ቪዛ የገባ ሰው ግን የመንግሥት ድጎማ እንዳይወስድ አስቀድሞ ተከልክሏል፤ ለጤና አገልግሎትም በዓመት 1,035 ፓውንድ፣ ለሦስት ዓመት ተሰልቶ በድምሩ 3,105፣ ከመግባቱ በፊት ይከፍላል። ታዲያ ሸክሙ የቱ ላይ ነው?

እኛ ወሎዬዎች በትዳርና በቤተሰብ ጉዳይ ወግ አጥባቂ ነን ብል የሚከራከረኝ ብዙ አይኖርም፤ የዚህ ፓርቲ አካሄድ የማይዋጥልኝም በዚሁ ምክንያት ነው። የፓርቲው መሪና ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ዴቪድ ካሜሮን በ2014 የመንግሥት ፖሊሲ ሁሉ በቤተሰብ ላይ በሚያስከትለው ውጤት እንዲመዘን አድርገው ነበር። ያው ፓርቲ በማርች 2024 የእንክብካቤ ሠራተኞች የትዳር ጓደኛና ልጅ ይዘው እንዳይገቡ ከለከለ፤ የእንግሊዝ አዛውንት ገላ የምታጥብ እናት የራሷን ልጅ በቪዲዮ ጥሪ እንድታሳድግ ተፈረደባት። በጁላይ 2024 ሥልጣን የያዘው ሌበር ፓርቲ መጠኑ ወደ 38,700 እንዳያድግ ቢያግደውም 29,000ውን አልነካውም።

ወደ ቢሮው ልመለስ፤ ለትርጉምና ለፎርም አሞላል ያለ ስጋት ሂዱ፣ ደረሰኝም ይሰጣሉ። ለምክር ተብሎ የሚጠየቀውን ተጨማሪ ክፍያ ግን እኔ አልከፍልም፤ የሚነግሯችሁ በብሪታንያ መንግሥት ድረ ገጽ ላይ በነጻ የሚነበበውን ነው፣ ያውም ደንቡን ማን እንዳወጣው ሳይነግሯችሁ።