ጥይቱ ብቻውን ጦርነት አያስነሳም፦ ስለ ፎን ቭሪክት መጽሐፍ

ታሪክ የምታስተምሩ ከሆነ ይህን መጽሐፍ ፈልጋችሁ አንብቡት። ጸሐፊው ጌዮርግ ሄንሪክ ፎን ቭሪክት እ.ኤ.አ. በ1916 ሄልሲንኪ የተወለደ ፈላስፋ ነው። ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ላይ የታዋቂውን ፈላስፋ የቪትገንስታይንን የፕሮፌሰርነት ወንበር የተረከበውም እሱ ነው። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1971 በእንግሊዝኛ ወጣ። ርዕሱ በእኛ ቋንቋ «ማብራራትና መረዳት» ቢባል ያስኬዳል።

ዋናው ሐሳብ ይሄ ነው። ድንጋይ ለምን ወደቀ ስንልና ሰው ለምን እንዲህ አደረገ ስንል የምንጠይቀው አንድ ነገር አይደለም። ለድንጋዩ የተፈጥሮ ሕግ ይበቃናል። ለሰውየው ግን ምን ፈልጎ ነበር፣ ያንን ለማግኘትስ ምን ማድረግ አለብኝ ብሎ አሰበ ማለት አለብን።

ምሳሌዎቹ ቀላል ናቸው። መስኮት ከፈትኩ እንበል። መስኮቱ መከፈቱ የድርጊቴ አካል ነው፤ ካልተከፈተ እኔም አልከፈትኩም። የክፍሉ መቀዝቀዝ ግን ከድርጊቱ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። ባይቀዘቅዝም መስኮቱን ከፍቻለሁ።

እኔን የያዘኝ ግን የሳራዬቮ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1914 የኦስትሪያ-ሃንጋሪ አልጋ ወራሽ ፍራንዝ ፈርዲናንድ እዚያ ተገደለ። ኦስትሪያ ለሰርቢያ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ሰጠች፣ ሩሲያ ክተት አወጀች፣ ከዚያ ሁሉም ተያያዘ፤ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሳ። እኛ ክፍል ውስጥ ይሄንን «መንስኤዎች» ብለን ዘርዝረን ተማሪው እንዲሸመድድ እናደርጋለን። ፎን ቭሪክት ግን በየመሐሉ የቆመውን ሰው ያሳያል። ግድያው በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና ያሉ ሹማምንት የነበሩበትን ሁኔታ ለወጠው፤ እነሱም በአዲሱ ሁኔታ አስበው ወሰኑ። ውሳኔያቸው ደግሞ ሌሎችን ለውሳኔ አስገደደ።

ይህንን ክፍል ውስጥ ሞከርኩት። ሰሌዳው ላይ «ቪየና ምን ፈለገች? ሌላ ምን አማራጭ ታያት?» ብዬ ጻፍኩ። ከኋላ ወንበር አንዷ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ሩሲያ ዝም ትላለች ብለው አስበው ቢሆንስ?» አለች። ጎረቤቷ ወዲያው ተቃወማት። ደወሉ ሲደወልም ክርክሩ አላበቃም። እንዲህ ያለ ክፍለ ጊዜ ነው የምፈልገው።

ከበድ የሚለው ሁለተኛው ምዕራፍ ነው። ምልክትና ቅርንጫፍ የበዛበት የአመክንዮ ሥራ ስለሆነ ያለ እርሳስና ወረቀት አይገፋም። አይገርምም፤ ግዴታን፣ ፈቃድንና ክልከላን በአመክንዮ መልክ ያስያዘው የ1951 ጽሑፍ የሱ ነው። ስለ ሳይንስ ሥነ ምግባር የምትፈልጉ ደግሞ እዚህ ብዙ አታገኙም። እውቀትና ቴክኖሎጂ የሰውን ኑሮ ወዴት እየወሰዱት ነው የሚለውን አጥብቆ የጠየቀው በኋለኛው ዕድሜው ነው።

አንድ የወደድኩለት ነገር ሐቀኝነቱ ነው። ሰውየው ምን ፈልጎ ምን አሰበ የሚለው ማብራሪያ አስገዳጅ የሚሆነው፣ ማለትም «እንዲያ ማድረጉ አይቀርም ነበር» የሚያሰኘው፣ ድርጊቱ ከተፈጸመ በኋላ መሆኑን ራሱ ይናገራል። ሰው ነገ ምን እንደሚያደርግ ለመተንበይ አይሆንም። ለታሪክ ሰው ይሄ ጉድለት አይደለም፤ ሥራችን የሆነውን መረዳት ነውና።

አንደኛውን ምዕራፍ አንብቡና ቀጥታ ወደ አራተኛው እለፉ፤ ሳራዬቮ እዚያ ናት። ሦስተኛው ይከተል። ሁለተኛውን ጊዜ ሲኖራችሁ ትመለሱበታላችሁ።