ቁጥር የሌለው የቃል ሰዓት፦ ከስምንት ወር በኋላ

ይህ ተገጣጣሚ ሰዓት ቁጥርም ቆጣሪም የለውም። 11 በ10 ከተደረደሩ 110 ፊደላት የሚፈለጉትን ብቻ እያበራ «አራት ሰዓት ከሃያ» ይላል። ከሃያ እስከ ሃያ አምስት ያሉትን ደቂቃዎች በየማዕዘኑ ያሉ አራት ነጥቦች ይሞሏቸዋል፤ ከሃያ ሁለት ሲሆን ሁለት ነጥብ ይበራል። ደቂቃ ቆጥሮ ለሚወጣ ሰው አይሆንም፤ ነጥቦቹ ከሩቅ አይለዩም። ሳሎን ግድግዳ ላይ ግን ከስምንት ወር በኋላም አልሰለቸም። ጣጣው ሁሉ ከጀርባው ነው።

አብሮት የሚመጣው ቻርጀር 5 ቮልት፣ 2 አምፔር ነው። ፊደላቱንና ነጥቦቹን የሚያበራው አንድ ደብሊውኤስ2812ቢ ኤልኢዲ (ትንሽ ባለቀለም መብራት) ሙሉ ነጭ ሲበራ እስከ 60 ሚሊአምፔር ይወስዳል፤ 110ሩ ፊደላትና 4ቱ ነጥቦች፣ 114ቱ አንድ ላይ ቢበሩ 6.84 አምፔር ማለት ነው። በአዘቦቱ የሚበሩት ከሃያ ስለማይበልጡ ቻርጀሩ ይበቃል። ጉዱ የሚፈላው መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ነው። ሰዓቱ ሲነሳ ራሱን ለመፈተሽ ሁሉንም ነጭ ያበራል፣ ቮልቱ ይወርዳል፣ ሰዓቱን የሚመራው ቺፕ ኢኤስፒ8266 ይጠፋና እንደ አዲስ ይነሳል፣ ደግሞ ሁሉንም ያበራል፤ እንዲህ ሲል ያድራል። ኮዱ ውስጥ የፍተሻውን ብርሃን 20 በመቶ ላይ መገደብ ነው መፍትሔው። ኤሌክትሪኩ ወደ ኤልኢዲዎቹ በሚገባበት ላይ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር መበየድም ይረዳል፤ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ እንዳይገለበጥ ብቻ።

ሁለተኛው ጣጣ ያልታዘዙ ፊደላት ብልጭ ማለታቸው ነው። ኢኤስፒ8266 የሚልከው ምልክት 3.3 ቮልት ሲሆን፣ በ5 ቮልት የሚሠራ ኤልኢዲ ግን ቢያንስ 3.5 ይፈልጋል። አንዳንድ ቀን ያልፋል፣ አንዳንድ ቀን አያልፍም። የመጀመሪያዋን ኤልኢዲ ብቻ በአንድ ተራ ሲሊከን ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) በኩል ማብላት ይበቃል፦ ቮልቷ ወደ 4.3፣ የምትጠይቀው ምልክትም ወደ 3 ይወርዳል። እሷም ለተከታዮቿ አጠንክራ ታስተላልፋለች። ከአንድ ፊደል በኋላ ያለው በሙሉ ከጨለመ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ መጨረሻ የበራውንና መጀመሪያ የጠፋውን የሚያገናኘውን ብየዳ ይዩ። ብዙ ጊዜ የሚላቀቀው ረድፉ የሚታጠፍበት ቦታ ነው።

ማታ ደግሞ ቀለሙ ይበላሻል። ለስለስ ያለው ነጭ ቀይ 255፣ አረንጓዴ 160፣ ሰማያዊ 80 ነው፤ ወደ 1 በመቶ ሲወርድ 2፣ 1፣ 0 ይቀራል። ሰማያዊው ጨርሶ ስለሚጠፋ ፊደሉ ብርቱካናማ ይሆናል። ብርሃኑን 4 በመቶ ላይ ትቶ ፊቱን በጥቁር ስስ ፕላስቲክ ማልበስ ይሻላል። የብርሃን ሴንሰሩን ከፊደላቱ ጀርባ ማስቀመጣቸው የሚገርም ነው፤ የራሱን ብርሃን አይቶ ይደምቃል፣ ደምቆ ደግሞ ያያል። ወደ ታችኛው ጠርዝ አውጥቶ የ10 ሰከንድ አማካይ እንዲወስድ ማድረግ ነው።

ሰዓቱን የሚያገኘው ከኢንተርኔት ሲሆን፣ በ2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ብቻ ነው። መስመር ከሌለ ከዜሮ ይጀምራል። በራሱ ባትሪ ሰዓት የሚቆጥር ዲኤስ3231 ሞጁል ቢጨመርለት በዓመት ከአንድ ደቂቃ ያን ያህል የራቀ ስህተት የለውም። ሞጁሉን 5 ቮልት አትስጡት፤ ብዙዎቹ ሞጁሎች ባትሪ የሚሞላ መስመር ስላላቸው የማይሞላውን የሳንቲም ቅርጽ ባትሪ ሲአር2032 ያሳብጡታል። በ3.3 ቮልት ይሠራል።